ኤችዲ 600 ወይስ ኤችዲ 650? ለአባት ካሴቶች የሚሆነው ሄድፎን

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ አባቴ ለብዙ ዓመታት ያከማቻቸው ካሴቶች አሉን። አምባሰል አለ፣ ባቲ አለ፣ የማሲንቆና የክራር ቅጂ አለ፣ መንዙማ ደግሞ በብዛት። ሳይበላሹ ወደ ላፕቶፕ ላስገባቸው ጀምሬአለሁ። አክስቴ በቅርቡ ከጀርመን ትመጣለች፤ አንድ ደህና ሄድፎን ላምጣልሽ ብላኛለች። ሰው ሁሉ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600ን እና ኤችዲ 650ን ያወድሳል። ግማሹ ያኛውን፣ ግማሹ ይኸኛውን ይላል። በድምፅ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለእኔስ የቱ ይሻለኛል? የምሠራው ተከራይተን ከምንኖርበት ግቢ ነው። አምፕ (ለሄድፎን ጉልበት የሚሰጥ ማጉያ) የለኝም።»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። 600ውን ይያዙልሽ። 650 ሸጋ ሄድፎን ነው። ሁለቱም ደሴ እምሠራበት ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ ማታ ሥራ ጨርሼ ለራሴ ስሰማ እጄ የሚሄደው ወደ 650 ነው። ካሴት ላይ ያለውን ነገር ልመርምር ስል ግን 600ውን አነሣለሁ። አንቺ የያዝሽው ሥራ ደግሞ ምርመራ ነው።

መጀመሪያ ሰው የሚከራከረው ለምን እንደሆነ ልግለጽልሽ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። 600 የወጣው በፈረንጆቹ 1997 ነው፤ 650 በ2003 ተከተለው። ሁለቱም 300 ኦም ናቸው፤ ኦም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም መለኪያ ነው። ክብደታቸው ያለገመድ 260 ግራም አካባቢ ነው። የሁለቱም ጀርባ ክፍት ነው፤ ሴንሃይዘር ደግሞ በ1968 ካወጣው ከኤችዲ 414 ጀምሮ በዚህ አሠራር ስሙን ያተረፈ ቤት ነው። የአንዱ ስፖንጅ ለሌላው ይሆናል። ገመዳቸውም እንደዚያው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ራስሽ ላይ ቢያደርጉልሽ በምቾት አትለያቸውም፤ አዲስ ሲሆኑ ሁለቱም ጆሮን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ፣ እያደሩ ይላላሉ።

በድምፅም ቢሆን የሚለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። አንድ ቡና ናቸው፤ 650 ትንሽ ጠቆር ተደርጎ የተቆላው ነው። ሄርዝ የድምፅ ድግግሞሽ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ነው። 100 ሄርዝ አካባቢና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ 650 ወፈር ይላል። ከ3 ሺህ ሄርዝ በላይ ደግሞ ከ600 ለዘብ ይላል። ወፈር ማለቱና ለዘብ ማለቱ ሲደመሩ ድምፁ ሞቅ ያለ ይመስላል። አንዳንዱ ሰው ይህንን «ድምፁ ላይ መጋረጃ አለ» ብሎ ያማዋል። እኔ ሐሜቱ ይበዛል እላለሁ። ብቻውን ስትሰሚው መጋረጃ አይታይሽም። ከ600 ጋር እያፈራረቅሽ ስትሰሚው ነው የሚታወቅሽ፤ እሱም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል።

ይህቺ ጥቂት ዴሲቤል ግን ያረፈችበት ቦታ ለእኛ ሙዚቃ ቀላል አይደለም።

ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሄርዝ ያለው ክልል የሰው ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሆነበት ነው። የጆሯችን ቀዳዳ ራሱ 3 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። ንግግርን ንግግር የሚያደርጉት ነገሮችም እዚያው ናቸው። አማርኛችን ደግሞ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ አለው። እነዚህን ስንል ጉሮሯችን ለአፍታ ይዘጋና ድምፁ ፈንድቶ ይወጣል። ፍንዳታው አጭር ነው፤ ጉልበቱም ከፍ ባለው ድግግሞሽ ላይ ነው። ካሴት ሲያረጅ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ይኸው ከፍተኛው ድግግሞሽ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ ከሆነማ ገና ሳያረጅ ነው የደበዘዘው። «ጠላ» ይሁን «ደላ» ግራ የሚያጋባሽ ለዚህ ነው። በ600 ስትሰሚ የቀረችውን ያችን ፍንዳታ ትይዣለሽ። በ650 ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ትገምቺዋለሽ። ግጥሙን ጽፈሽ ልታስቀምጪ ካሰብሽ ልዩነቱ ቶሎ ይታወቅሻል።

ማሲንቆ ላይ ነገሩ ይደምቃል። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ደጋኑ ሲፈትገው ግን ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ብዙ ደቃቅ ድምፆች ይደረደራሉ። በ600 የደጋኑን ፍትጊያ ትሰሚዋለሽ፣ ደጋኑ አቅጣጫ የሚቀይርባትን ቅጽበት ጭምር። ተጫዋቹ ጣቱን ክሩ ላይ ሲያንሸራትት ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ ትከተያለሽ። በ650 ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ቀረብ ይልሻል፤ ድምፁ ደረት ያለው ይሆናል። ለአምባሰል እንጉርጉሮ፣ ዘፋኙ በቀስታ ሲሄድ፣ 650 የሚሰጠው ደረት እውነትም ደስ ይላል። ማሪቱ ለገሠን የመሰለ ሙሉ ድምፅ በ650 መስማት ሌላ ነገር ነው። ቅጂው የተሳለ ከሆነና ጆሮ የሚወጋ ከሆነም 650 ይታደግሻል።

ክራርና ዋሽንት ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ እዚያ ላይ ጊዜ አላባክንም።

መንዙማው ግን ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ያንቺ አባት ካሴቶች ላይ ያለው አብዛኛው ሐድራ (መንዙማ የሚባልበት ጉባኤ) ላይ የተቀዳ ይመስለኛል። እንደዚያ ዓይነት ቅጂ ስንት እንዳየሁ! አንድ ቴፕ መሃል ላይ ይቀመጣል። ማይኩ የቴፑ የራሱ ነው። መሪው ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ጭብጨባው አለ፣ ድቤው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ድቤው ሲመታ ማይኩ ይጨነቅና ድምፁ ይሰነጠቃል። ብዙ ቴፖች ላይ ደግሞ ቀረጻውን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አሠራር አለ፤ ድቤው በተመታ ቁጥር የመሪው ድምፅ ይሸሻል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

እንዲህ ያለውን ቅጂ በ650 ስትሰሚ ድቤው ያምራል። ችግሩም እሱ ነው። 650 የሚያወፍረው ክልል ድቤው የሚያርፍበት አካባቢ ስለሆነ፣ ስንጥቁ ከውፍረቱ ስር ይደበቃል፤ የመሪው ድምፅ የታችኛው ክፍልም አብሮ ይሸፈናል። በ600 ድቤው ቀጠን ይላል፣ ስንጥቁም ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ስንጥቁ ካሴቱ ላይ የነበረ ነው ወይስ አንቺ ወደ ላፕቶፕ ስታስገቢ ድምፁን ከፍ አድርገሽ የፈጠርሽው? ይህንን መለየት አለብሽ። የመጀመሪያው ከሆነ ምንም አይደረግለትም። ሁለተኛው ከሆነ ዝቅ አድርጎ እንደገና ማስገባት ነው። ጭብጨባና ተቀባዮችን በተመለከተም፣ ሰዎቹ አንድ ጅምላ ድምፅ ከመሆን አልፈው ሰው ሰው የሚሆኑት በ600 ይበልጥ ነው።

ስለ ካሴት ሽውታም፣ ከጀርባ «ሽ» ስለሚለው ድምፅ፣ ልንገርሽ። 650 ሽውታውን ትንሽ ያስተኛዋል። ለሰሚ ዕረፍት ነው፤ ለሠራተኛ ወጥመድ ነው። ምክንያቱም ለዘብ ባለ ሄድፎን የሚያስተካክል ሰው ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) የጎደለ ይመስለውና ይጨምራል። ከዚያ ያ ፋይል ለዘመድ ይላካል። ዘመድ በስልክ ስፒከር ሲከፍተው ጆሮ ይበሳል። ሽውታ ማጥፊያ ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ ሽውታውን አጠፋሁ ስትዪ የማሲንቆውን ፍትጊያም አብረሽ ታጠፊዋለሽ፣ በ650 ደግሞ መጥፋቱ ቶሎ አይታወቅሽም። የእኔ ምክር ሽውታውን እንዳለ ተዪው ነው። ያልተነካካውን ፋይል ለብቻው አስቀምጪ፤ ማስዋብ ካማረሽ ቅጂው ላይ አስውቢ።

አሁን ከሄድፎን ምርጫው የሚበልጥ ነገር ላምጣ። ማንም ስላልጠየቀ ዝም የሚባል ነገር ነው። ካሴት ውስጥ ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። በዚህ ፍጥነት 10 ሺህ ሄርዝ ያለው ድምፅ ክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት ከ5 ማይክሮን አይሞላም። ስለዚህ የቴፑ ሄድ (ክሩን የሚያነብበው ክፍል) በጣም ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ትሬብሉ ይጠፋል። አባትሽ ካሴቶቹን የቀዱት ወይም ያስገለበጡት በተለያየ ቴፕ ነው። እያንዳንዱ ቴፕ የራሱ ዝንባሌ ነበረው። ሄዱ አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ በስተግራ በኩል፣ ትንሽ ብሎን ታገኛለሽ። መጀመሪያ ያለችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጊ። ከዚያ ካሴቱን አጫውቺ፣ ላፕቶፑ ላይ ግራና ቀኙን ወደ ሞኖ (አንድ መስመር) ደምሪ፣ ብሎኗን በጣም በቀስታ ወዲያና ወዲህ አዙሪ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ይከፈታል። ጭብጨባው ይነቃል፣ ጠ እና ቀ ይመለሳሉ። እዚያ ላይ ተዪው። ያችን ነጥብ ለማግኘት 600 ከ650 ይልቅ ይረዳል፣ ለዘብ የተደረገ ነገር የለበትምና። ይህንን ሳትሠሪ በኢኳላይዘር (የድምፁን ክልሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ማስተካከያ) ትሬብል መጨመር ግን ድካም ነው፤ ያልተነበበ ነገር በኢኳላይዘር አይመጣም። ከዚያ በፊት ደግሞ ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረጊው። ቺንጋውም ላልቶ እንደሆነ አሳዪ። ቴፑን በድንጋይ የምታጫውቺ ከሆነ ድንጋዩ ሲደክም ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ዘፈኑ ቁልቁል ይሄድና ቅኝቱ ከማንም ክራር ጋር አይገጥምም። መብራት ሲሄድ ሥራውን አቁሚ እንጂ በደከመ ድንጋይ አትቀጥዪ።

አምፕ የለኝም ላልሽው፣ አብሽሪ። 300 ኦም ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ትልቅ አምፕ ካልተገዛ አይሠራም ብሎ የሚያስወራም አለ። እስቲ ቁጥሩን እንየው። ሄድፎንን ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ የዩኤስቢ ማገናኛዎች ጥሩዎቹ አንድ ቮልት ያህል ይሰጣሉ። አንድ ቮልት 300 ኦም ላይ 3.3 ሚሊ ዋት ይሆናል። ያንኑ አንድ ቮልት 32 ኦም ላይ ብትሰጪው 31 ሚሊ ዋት ነው። አዎ፣ ያንሳል። ግን አምራቹ ለ650 የሰጠው ቁጥር በአንድ ቮልት 103 ዴሲቤል ነው፤ 600ም ከዚያ ብዙ አይርቅም። 103 ዴሲቤል ለደቂቃዎች እንኳ ከሰማሽው ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የሚያጥርሽ ቅጂው ራሱ ደካማ ሲሆን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ስታስገቢ ደረጃውን በልኩ መያዝ ነው መድኃኒቱ።

እንዲያውም ያንቺ እጥረት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ያለው አንድ ጃክ ነው፣ በማይክ በኩል የሚገባው ድምፅም ሞኖ ነው። ስቴሪዮ ካሴት በዚያ ካስገባሽ ግማሹን ትጥዪዋለሽ፣ ከላፕቶፑ የራሱ ጫጫታም ይገባበታል። ስለዚህ አክስትሽ ላይን ኢን (ከቴፕ የሚመጣ ድምፅ የሚቀበል ስቴሪዮ መግቢያ) ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ሳውንድ ካርድም ይያዙልሽ። የሄድፎን መውጫው ከላፕቶፑ ይሻላል፤ በአንድ ዕቃ ሁለት ችግር ይፈታል። ሲመርጡት የሄድፎን መውጫው የራሱ ኦም ዝቅ ያለ መሆኑን ይዩ። 600ም 650ም 100 ሄርዝ አካባቢ ኦማቸው ወደ 500 ይወጣል። መውጫው 100 ኦም ቢሆን ቤዙ ላይ አንድ ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። አየሽ፣ 600ውን ወደ 650 ሊያስጠጋው ይችላል። አንዳንዶቹ የሁለቱን ልዩነት በማጋነንና በመካድ የሚጣሉት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የሰሙት በተለያየ አምፕ ነው።

ስፖንጁም እንደዚያው ነው። ሲጠቀጠቅ ጆሮ ወደ ድምፅ ማውጫው ይጠጋል፣ ድምፁ ይለወጣል። አዲስ ስፖንጅ ያለው 650 እና ያለቀ ስፖንጅ ያለው 600 ብታወዳድሪ የምትሰሚው የስፖንጁን ዕድሜ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፣ ላብም አለ፤ ስፖንጁ ደሴ ላይ ከሚቆየው ያነሰ እንደሚቆይሽ ጠብቂ። አንድ ትርፍ ጥንድ አስመጪ። መቀየሩ በእጅ ነው፣ ብሎን መፍታት የለበትም። ገመዱም ይነቀላል። ለዚህ ነው ሰዎች እነዚህን ሄድፎኖች ብዙ ዓመት ሲጠቀሙባቸው የምታዪው።

የግቢውን ነገር አልረሳሁትም። ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ የምትሰሚው ሁሉ አጠገብሽ ላለ ሰው ይሰማል። በግድግዳ ወደ ጎረቤት አይሻገርም፣ በአንድ ክፍል የተኛ ሰው ካለ ግን ይረብሻል። በተቃራኒውም የውጭው ይገባል፦ ባጃጁ፣ የልጆቹ ጨዋታ፣ ወጥ ቤት የሚከሰከሰው። ለጥንቃቄ ሥራ ሌሊት ወይም ማለዳ ይሻላል። ይህ በሁለቱም እኩል ስለሆነ ምርጫሽን አይለውጥም። ክፍሉ ጨርሶ ጸጥ የማይል ከሆነ ግን ንገሪኝ፤ ያኔ ሁለቱንም ትተን ጀርባው ዝግ የሆነ እንመርጣለን።

ሁለቱም የማይችሉትንም እወቂው። ወደ 50 ሄርዝና ከዚያ በታች ቤዛቸው ይደክማል። የ650 ውፍረት ከዚያ በላይ ያለው ነው፣ ጥልቁን አይሞላውም። የዘንድሮ የሠርግ ዘፈን ኪቦርድ ቤዝ ደረትሽን እንዲመታሽ ከፈለግሽ ከእነዚህ አታገኚውም። የድምፁ ስፋትም ጠባብ ነው፤ ሙዚቃው ከራስሽ ብዙ አይርቅም። ለአባትሽ ካሴቶች ሁለቱም ጉዳት አይደሉም። አሮጌ ቅጂ ላይ ጥልቅ ቤዝ ብዙም የለም፣ በአንድ ማይክ የተቀዳ ሐድራም የሚሰፋ ነገር የለውም።

ምናልባት አክስትሽ 600ውን ባያገኙና 650 ቢያመጡ ቅር አይበልሽ። ስትሰሚ ብቻ ኢኳላይዘር ላይ ከ100 እስከ 200 ሄርዝ ያለውን አንድ ዴሲቤል ቀንሺ፣ ከ3 ሺህ በላይ ያለውን አንድ ወይም አንድ ተኩል ጨምሪ። ወደ 600 በጣም ትቀርቢያለሽ። ይህ ማስተካከያ ግን የሚቀመጠው በመስሚያሽ መንገድ ላይ ነው፤ ፋይሉ ሲቀመጥ አብሮ እንዳይገባ ሴቭ ከማድረግሽ በፊት መጥፋቱን አረጋግጪ።